መራመድ የከበዳት አሮጊት ድመት በቤት ውስጥ እንዴት ትያዝ?

ድመት ሲያማት ብዙ ጊዜ አትጮኽም። ውሻ እግሩን ቢያመው ያነክሳል፣ ያላዝናል፣ ሰው ፊት ቀርቦ ያሳያል፤ ድመት ግን ሕመሟን ደብቃ ታደርገው የነበረውን ነገር አንድ በአንድ ትተዋለች። ትወጣበት የነበረው መስኮት ላይ መውጣት ታቆማለች፣ ጀርባዋን መላስ ትቀንሳለች፣ ሲነኳት የማይታወቅባትን ቁጣ ታመጣለች፤ የቤቱ ሰው ደግሞ «አርጅታለች፣ ምን ታድርግ» ብሎ ያልፈዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 በታተመ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ 100 ድመቶች ራጅ ተነሥተው በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ወይም የአከርካሪ መበላሸት ምልክት ታይቷል። በራጅ የታየ ሁሉ ያማል ማለት አይደለም፤ ሆኖም በአሮጊት ድመት ላይ እንደ ስንፍና የምንቆጥረው ነገር ብዙውን ጊዜ ሕመም እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የተበላሸ መገጣጠሚያ ወደ ነበረበት አይመለስም። ድመቷ ግን በቀሪው ዕድሜዋ ራሷን ችላ እንድትበላ፣ እንድትጸዳዳና የለመደችው ቦታ እንድትተኛ ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህም ቤቱን ወደ እሷ ዐቅም ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሕመሙን ለይቶ ማወቅ

በሐረር ነባር ቤት ለሚኖር ሰው ነደባው፣ ማለትም ከፍና ዝቅ ተደርጎ የተሠራው የቤት ውስጥ መቀመጫ፣ ራሱ ጥሩ መመርመሪያ ነው። ጤነኛ ድመት ከወለሉ ተነሥታ ከፍ ወዳለው ነደባ በአንድ ዝላይ ትወጣለች። መገጣጠሚያዋ የሚያማት ድመት ግን ነደባው ሥር ትቆማለች፣ ቀና ብላ ታያለች፣ የኋላ እግሮቿን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ታመቻቻለች፣ ከዚያም የፊት እግሮቿን ጠርዙ ላይ አሳርፋ የቀረውን ሰውነቷን እየጎተተች ትወጣለች። ስትወርድም በፊት እግሮቿ የነደባውን ግድግዳ ይዛ ወደ ታች እየተንሸራተተች ርቀቱን ካሳጠረች በኋላ ዱብ ትላለች። ዳሌ፣ ጉልበት፣ የኋላ ቁርጭምጭሚት፣ የፊት ክርንና የታችኛው አከርካሪ በብዛት የሚጎዱ ቦታዎች ስለሆኑ ለውጡ ጎልቶ የሚታየው በመውጣትና በመውረድ ነው። ዘመናዊ ቤት ውስጥ ደግሞ ሶፋውና አልጋው ይህንኑ ያሳያሉ።

ይህን ሁሉ በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹት። ድመት ሐኪም ቤት ስትደርስ ከፍርሃት የተነሣ ጥግ ይዛ ትኮማተራለች፤ ስለዚህ ሐኪሙ አረማመዷን ማየት አይችልም። ስትወጣ፣ ስትወርድ፣ ከእንቅልፏ ስትነሣና መጸዳጃዋ ውስጥ ስትቀመጥ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከረጅም ገለጻ ይበልጥ ይረዳዋል።

የኋላ እግር መድከም ሁሉ የመገጣጠሚያ ሕመም እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ስኳር የያዛት ድመት የኋላ ተረከዟን መሬት አስነክታ መራመድ ትጀምራለች፤ ውኃም አብዝታ ትጠጣለች። ጤነኛ የነበረች ድመት በድንገት የኋላ እግሮቿ ከዱባት ከጮኸችና መዳፎቿ ከቀዘቀዙ፣ የደም መርጋት ወደ እግሯ የሚሄደውን የደም ሥር ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት። ከዚህ ሁሉ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አይዘንጋ፤ በአገራችን ያለ በሽታ ነው፣ ድመትንም ይይዛል፣ ሽባነትም ያመጣል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠባይዋ የተለወጠ፣ ምራቋ የሚዝረከረክ፣ መንጋጋዋ የወደቀ ወይም መዋጥ ያቃታት ድመት አፏ በእጅ መነካት የለበትም፤ ለብቻዋ ተዘግቶባት ወዲያውኑ ለእንስሳት ሐኪም መነገር አለበት። ማንኛዋም ድመት ብትነክስዎ ወይም ብትቧጭርዎ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የመገጣጠሚያ ሕመም ግን በአንድ ቀን አይመጣም፤ ወራትና ዓመታት ወስዶ ቀስ እያለ የሚገባ ነው።

በአካባቢያችን የእንስሳት ሕክምና በአብዛኛው በከብት፣ በግመል፣ በፍየልና በበግ ላይ ያተኮረ ስለሆነ ወደየትም ክሊኒክ ከመሄድዎ በፊት ደውለው ድመት የሚያይ ሐኪም መኖሩን ያረጋግጡ። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው እዚያ ይመስለኛል። በባጃጅም ሆነ በሚኒባስ ስትጓዝ ክዳን ባለው ቅርጫት ወይም አየር እንዲገባው በተበሳ ጠንካራ ካርቶን ውስጥ፣ የራሷ ሽታ ያለበት ጨርቅ ወፍራም ሆኖ ተነጥፎላት ትሂድ፤ ታቅፎ መውሰድ ለእሷም ለሰውም አደጋ አለው።

የሰው መድኃኒት አይስጧት

ይህን ነጥብ ደግሜ ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም፤ ምክንያቱም በቅንነት የሚፈጸም ግድያ ነው። ሰው ድመቱ ስትሠቃይ አይቶ ያዝናል፣ ቤት ውስጥ ያለችውን ፓራሲታሞል ለሁለት ወይም ለአራት ከፍሎ ከሥጋ ጋር ይሰጣታል። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን አጣርቶ ለማስወገድ የሚያስፈልገው ኢንዛይም በበቂ መጠን የለውም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ መርዝነት ተለውጦ ቀይ የደም ሴሎቿን ያበላሻል፣ ደሟም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አንዲት የ500 ሚሊ ግራም ክኒን ብቻ ድመትን ልትገድል ትችላለች። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ኩላሊቷንና ጨጓራዋን ይጎዳሉ፤ አስፕሪንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። በሰውነት ላይ የሚቀባ የሕመም ማስታገሻ ቅባትም ቢሆን ስትልሰው ሆዷ ውስጥ ስለሚገባ ከዚሁ ጋር የሚቆጠር ነው። አስቀድሞ ተሰጥቷት ከሆነ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ይዘው ወደ ሐኪም ይሩጡ።

ለድመት የሚሆን የሕመም ማስታገሻ አለ። ሐኪሞች እንደ ሜሎክሲካም ያሉ መድኃኒቶችን በክብደቷ ተለክቶ በጣም በትንሽ መጠን፣ ምግብ ከበላች በኋላ፣ ኩላሊቷ ከተመረመረ ደግሞ ይበልጥ በደኅና ያዝዛሉ፤ ጋባፔንቲንም አንዳንዴ ይታዘዛል። መድኃኒቱን ከጀመረች በኋላ መብላት ካቆመች፣ ካስታወካት ወይም ዐይነ ምድሯ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ወለልና ደረጃ

ወደ ቤቱ እንግባ። የመጀመሪያው ጠላት ሊሾ ነው። በቀይ አፈር የተቀባው የድሮው ወለል መጠነኛ መቆንጠጫ ነበረው፤ የዛሬው ልሙጥ ሊሾና ሴራሚክ ግን ጡንቻዋ ለሳሳ ድመት እንደ በረዶ ነው፤ የኋላ እግሮቿ ወደ ጎን ይሸሹባታል፣ አንዴ የወደቀችበትንም ቦታ ዳግመኛ አትረግጥም። ቤቱን በሙሉ ምንጣፍ ማልበስ አያስፈልግም። ከመኝታዋ እስከ ምግቧ፣ ከምግቧ እስከ መጸዳጃዋ የምትሄድበትን መንገድ ብቻ ይመልከቱና በዚያ ላይ የማይንሸራተት ነገር ያንጥፉ፤ የተቆረጠ የድሮ ምንጣፍ ወይም ከሥሩ ጎማ ያለው የበር ምንጣፍ ይበቃል። ሰሌን ግን በሊሾ ላይ ስለሚንሸራተት ጠርዙ በፕላስተር ካልተያዘ ይብስባታል።

ቀጥሎ ከፍታው ይመጣል። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ እንደሚባለው አሮጊቷ ድመት ለዓመታት የተኛችበትን ከፍ ያለ ቦታ አትተወውም፤ ቢያማትም ትሞክራለች። ከልክሎ መሬት ማስቀረት ትክክል አይመስለኝም። ከፍ ብሎ ማየት ለድመት የደኅንነት ስሜት ነው፤ ልጆች በሚሯሯጡበት ወይም ለበርጫ እንግዳ በሚሞላበት ቤት ደግሞ ከእግር ሥር የምትሸሽበት ያስፈልጋታል። የነደባ ቤት እዚህ ላይ የታደለ ነው፤ መቀመጫዎቹ በተለያየ ከፍታ የተሠሩ ስለሆኑ ዝቅ ካለው ወደ ከፍተኛው የሚያደርስ መሰላል ከግማሽ በላይ ተሠርቶ አለቀ ማለት ነው። የቀረው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መከፋፈል ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ስፋቱም አራት እግሮቿን አሳርፋ ልትቆምበት የሚበቃት ቢሆን ጥሩ ነው። የእንጨት ሳጥን፣ ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ወይም በአሮጌ መጽሔት የተሞላ ካርቶን ምንጣፍ ተጠቅልሎበት ይሠራል። ሲረግጡት የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ባይኖር ይሻላል፤ አንዴ ከከዳት አታምነውም። ሠርተው ሲጨርሱ በግድ አይጫኗት፤ የምትወደውን ጥቂት ሥጋ በየደረጃው አስቀምጠው ራሷ እንድትሞክረው ይተዉአት።

ማንሣት ግድ ሲሆን አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከቂጧ ሥር ሆኖ አከርካሪዋ እንደተደገፈ ይነሣ። በማጅራቷ ወይም በብብቷ አንጠልጥሎ ማንሣት የታመመውን ዳሌና አከርካሪ ይጎትታል። ስታስቀምጧትም ከላይ አይልቀቋት፤ አራቱም መዳፎች መሬት እስኪነኩ ይያዟት። ይህን ለልጆች ማሳየት የእርስዎ ድርሻ ነው።

መኝታ፣ ብርድና ሙቀት

መኝታዋ ከአጥንቷ በታች የማይሟሽሽ፣ ግን ለስላሳ ይሁን። ከአሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ተቆርጦ በታጠፈ ብርድ ልብስ የተሸፈነ፣ ጠርዙም ዝቅ ያለ መኝታ ተራምዳ ለመግባት ይመቻታል። ጥልቅ ቅርጫት ደግሞ ለመውጣት ያስቸግራታል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ብርድም የታመመ መገጣጠሚያን ያደርቀዋል። በሃይላንድ ፕላስቲክ ሞቅ ያለ እንጂ ያልፈላ ውኃ ሞልተው፣ በደንብ ከድነው፣ በፎጣ ጠቅልለው ከመኝታዋ በአንድ ወገን ብቻ ያስቀምጡላት፤ ሲሞቃት ወደ ሌላው ወገን መሸሽ መቻል አለባት። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል አያሳድሩ፤ ከእሱ የሚወጣው የማይታይ ጋዝ ለሰውም ለእሷም ገዳይ ነው።

ድሬዳዋ ላለ አንባቢ ጭንቀቱ ተቃራኒ ነው። ከተማው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ስለሆነ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል፤ የምትራመድ ድመት ፀሐይ ሲደርስባት ተነሥታ ትሄዳለች፣ መነሣት የሚያማት ግን እዚያው ትቀራለች። ስለዚህ ጧት ጥላ የነበረው ቦታ እኩለ ቀን ላይም ጥላ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ክፍልም ያውጧት። ድመት አፏን ከፍታ ማለክለክ የተለመደ ጠባይዋ አይደለም። ካለከለከች ቀዝቀዝ ባለ ውኃ የራሰ ጨርቅ መዳፏን፣ ሆዷንና ጆሮዋን እያራሱ ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ በረዶ የሆነ ውኃ አይጠቀሙ።

መጸዳጃ

ብዙዎቻችን ድመቶቻችን ግቢ ወጥተው አፈር ጭረው ስለሚጸዳዱ የመጸዳጃ ዕቃ አዘጋጅተን አናውቅም። አሮጊቷ ድመት ምንጣፍ ላይ ስትሸና እልኸኛ ሆና አይደለም፤ ግቢው ራቃት፣ ወይም የበሩ ደፍ ከፍ አለባት። ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ይግዙ፤ ርዝመቱ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ መነሻ ካለው ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ተዟዙራ ለመቀመጥ ይመቻታል። አንዱን ወገን ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ከንፈር እስኪቀረው ድረስ ይቁረጡት፣ የተቆረጠውንም ጠርዝ በፕላስተር ይሸፍኑት። ሌሎቹ ሦስት ወገኖች ከፍ እንዳሉ ይቆዩ፤ ቁጢጥ ማለት ስለሚያማት ቆማ ልትሸና ትችላለችና። ውስጡ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ደቃቅ አሸዋ ወይም የተነፋ አፈር ይደረግበት፤ ከዚያ ከበዛ መዳፏ ይሰምጥባታል። ሰጋቱራም ይሆናል፣ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከነካው እንጨት የመጣ ካልሆነ።

የሚቀመጠው በምትተኛበት ፎቅ፣ ከምግቧ ራቅ ብሎ፣ ሰው በማይበዛበት ጥግ ነው። ቤቱ ሰፊ ከሆነ ሁለት ያድርጉላት። በየቀኑ ይጽዳ፤ ይህ ለእሷ ምቾት ብቻ ሳይሆን ለሰውም ጤና ነው፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ ከዐይነ ምድሯ ጋር ወጥቶ ተላላፊ ለመሆን ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታልና። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተው። ዕቃው በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ወተት የሚመስሉ የፌኖል ዓይነት ፀረ ተሕዋስያን ለድመት መርዝ ናቸው። ሳትጸዳዳ ሁለት ቀን ካለፋት ድርቀት ሊሆን ስለሚችል ያሳዩአት፤ ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት ካልወጣው ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም።

ምግብና ውኃ

ክብደት ለታመመ መገጣጠሚያ ተጨማሪ ሸክም ነው። ጎድኗን በእጅዎ ሲዳብሱ አጥንቱ በቀላሉ ካልተሰማዎ ወፍራለች። እሷን ይዘው ሚዛን ላይ ይቁሙ፣ ከዚያ ብቻዎን፤ ልዩነቱ ክብደቷ ነው። መቀነስ ካለባት በሳምንት ከክብደቷ 1 በመቶ ገደማ በቂ ነው፤ ድመትን ማስራብ ጉበቷን በስብ ሞልቶ ሊገድላት ይችላል። ከሲታ እየሆነች ከሄደች ደግሞ ከመገጣጠሚያ ሌላ በሽታ ሊኖርባት ይችላልና ትመርመር።

ጉበትን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከሥጋ ቤት በርካሽ ስለሚገኝ ድመትን ጉበት ብቻ የማብላት ልማድ አለ፤ ጉበት ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ ብዛት ግን በወራት ውስጥ የአንገቷንና የፊት እግሯን አጥንት እርስ በርስ እያጣበቀ ያደርቀዋል። ስለዚህ ጉበት ለቅምሻ ያህል ብቻ ይሰጥ። ዋናው ምግቧ የተቀቀለ የከብት፣ የግመል ወይም የዶሮ ሥጋ ቢሆንም ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚያንሰው በፋብሪካ የተዘጋጀ የድመት ምግብ ከተገኘ ቢቀላቀልላት ጥሩ ነው። የወጥ ትራፊ አይሰጣት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠቅና ያንቃታል።

ሳህኗን ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ነገር ላይ ያስቀምጡ፤ አንገቷንና ክርኗን ሳታጥፍ ትበላለች። በሐረር ውኃ በጀሪካንና በበርሜል ተከድኖ ስለሚቀመጥ ድመቷ በራሷ የምታገኘው የለም፤ አፈ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን እስከ አፉ ሞልተው ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ አንዱን መኝታዋ አጠገብ ያድርጉላት። የሥጋውን መረቅ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ምግቧ ላይ ማፍሰስም ውኃ ያስገባላታል።

ጥፍርና ጸጉር

አሮጊት ድመት ጥፍሯን አትስልም፤ ጥፍሩም እየወፈረና እየተጠማዘዘ መዳፏን ይወጋል። በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ መዳፏን ጫን አድርገው ጥፍሩ ሲወጣ ጫፉን ብቻ ይቁረጡ፤ ውስጡ የሚታየው ሮዝ መስመር ደም ሥር ነው፣ እንዳይነካ። አንድ መዳፍ ዛሬ፣ ሌላው ነገ ቢሆን ለሁለታችሁም ይቀላል። መድረስ የማትችለውን ጀርባዋንና ቂጧን በለስላሳ ብሩሽ ያበጥሩላት። የተቋጠረ ጸጉር በመቀስ አይቆረጥ፤ ቆዳዋ አብሮ ተነሥቶ ይቆረጣል፤ በጣት ቀስ ብሎ ይፈታ። ቁንጫ ካለባት ለውሻ የተዘጋጀ ዱቄትና የሚረጭ መድኃኒት አይጠቀሙ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም።

ማታ ቤት ውስጥ ትደር

በጀጎል ጠባብ መንገዶች ሌሊት ጅብ እንደሚመላለስ የሐረር ሰው ሁሉ ያውቃል። ወጣት ድመት ግንብ ላይ ወጥታ ታመልጣለች፤ መዝለል ያቃታት ግን ከጅብም ከውሻም ከሌላ ድመትም ማምለጫ የላትም። ስለዚህ ሳይመሽ ወደ ቤት ትግባ፣ የግቢው በርም ይዘጋ። ቀን ላይ ግን ግቢ ወጥታ ፀሐይ ብትሞቅ፣ አጠገቧም ክር ሳብ ሳብ እያደረጉ ለጥቂት ደቂቃ ቢያጫውቷት ጡንቻዋ እንዳይሳሳ ይረዳል። ክሩን ሲጨርሱ ያንሡት፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይቆርጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይበቃበት ጊዜ ይመጣል። መብላቷን፣ መጠጣቷን፣ በራሷ ተነሥታ መጸዳዳቷን፣ ሰው ሲቀርባት ደስ መሰኘቷን በየቀኑ ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ክፉ ቀኖቿ ከደኅና ቀኖቿ እየበለጡ ከሄዱና የሐኪሙ መድኃኒትም ካልመለሰላት ስለ መጨረሻው ለሐኪሙ በግልጽ ይጠይቁት። በመርፌ ያለ ሥቃይ ማሳረፍ ሐኪም ብቻ የሚሠራው ነው፤ ሌላ ሰው በመርዝ ወይም በሌላ መንገድ እንዲያደርገው አይፍቀዱ። ሐኪሙ ቤት ድረስ መምጣት ይችል እንደሆነ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና በየትኛው ሰዓት እንደሚገኝ ገና ደኅና ሳለች አስቀድመው ቢያውቁት፣ ያ ቀን ሲመጣ እሷን ይዘው ከክሊኒክ ክሊኒክ አይንከራተቱም።